ላቡ የሙቀቱ ነው ወይስ የስኳሩ? ድሬዳዋ ላይ ስኳር ያለበትን ሰው ማስታመም

በግንቦት ድሬዳዋ ላይ ያላበውን ሰው "ምን ሆነህ ነው?" ብሎ የሚጠይቅ የለም። ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጠውም ያልበዋል፣ ቀፊራ ገበያ ጆንያ የሚያወርደውም ያልበዋል። ውሃ እየደጋገመ የሚጠጣ ሰው አያስገርምም። ከሰዓት ደክሞት ጋደም ያለም እንደዚያው። ችግሩ ላብ፣ ጥምና ድካም ስኳር ያለበት ሰው ሲታመም የሚያሳያቸው ምልክቶችም መሆናቸው ነው። ደብረ ብርሃን ቢሆን ቤተሰብ የሚደነግጥለትን ላብ እኛ "ሙቀቱ ነው" ብለን እናልፈዋለን።

እናቴ ስኳር ከያዛት ቆይታለች፤ መርፌም ትወጋለች። ሐኪሟ በቀጠሮ ያያታል። በቀጠሮና በቀጠሮ መካከል ያለነው ግን እኛ ነን። መድኃኒት ማዘዝና መጠን መቀየር የሐኪም ሥራ ነው፤ እሱን አልነካም። የምጽፈው ቤት ውስጥ ስላለው ነገር ነው። በተለይ ደግሞ እዚህ፣ በዚህ ሙቀት ውስጥ።

ሁለት አደጋ አለ

የምንበላው እንጀራ፣ ዳቦና ሩዝ ሆድ ውስጥ ሲፈጭ ስኳር ይሆንና ደም ውስጥ ይገባል። ከደም ወጥቶ ጡንቻና ሌላው አካል ውስጥ ገብቶ ጉልበት እንዲሆን የሚያደርገው ኢንሱሊን ነው። ኢንሱሊን የሚመረተው ቆሽት ውስጥ ነው። ዓይነት አንድ በሚባለው ስኳር ቆሽት ኢንሱሊን ማምረት ከሞላ ጎደል ያቆማል፤ ብዙ ጊዜ ልጆችንና ወጣቶችን ይይዛል፤ ያለ መርፌ አይኖርም። ዓይነት ሁለት ላይ ኢንሱሊን አለ፣ ግን አይበቃም፣ ወይም ሰውነት አልታዘዘው ይላል። አብዛኛው ሰው ያለው ይህ ሁለተኛው ነው። በኪኒን ይጀመራል፤ ዓመታት ሲያልፉ መርፌ የሚያስፈልጋቸውም ብዙ ናቸው።

ሰው ሁሉ የሚፈራው ስኳር ከፍ ማለቱን ነው። ፍርሃቱ ትክክል ነው። ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር ዓይን፣ ኩላሊት፣ ነርቭና የልብ ደም ሥር ይጎዳል። ግን ብዙውን ጊዜ ጉዳቱ የዓመታት ነው። የወረደ ስኳር ግን በደቂቃዎች ነው የሚጥለው። አንጎል ለሥራው በዋናነት የሚጠቀመው ስኳርን ነው፤ ሲያጣ መጀመሪያ ይደናገራል፣ ከዚያ ራስን መሳትና መንፈራገጥ ይመጣል።

እኔ ባየሁት፣ ብዙ ቤት የመጀመሪያውን አጥብቆ ይጠብቃል፣ ሁለተኛውን አያውቀውም። "ስኳር እንዳትነካ፣ ለስላሳ እንዳትጠጣ" እያለ የኖረ ቤተሰብ አባቱ ፊት ለፊቱ ሲንቀጠቀጥ ስኳር ለመስጠት እጁ አይታዘዝለትም። እንደ መርዝ ሲፈራው የኖረውን ነገር እንዴት ይስጥ? ለዚህ ነው ስለ መውረዱ ብዙ የምጽፈው።

ስኳር ሲወርድ

የስኳር መለኪያው የሚያሳየው ቁጥር (በmg/dL) ከ70 በታች ከሆነ ወርዷል ይባላል። ከ54 በታች ከሆነ አደገኛ ነው። ምልክቶቹ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ራስ ምታት ናቸው። ቀጥሎ ጠባይ ይለወጣል። ሰውዬው ያለ ነገሩ ይቆጣል፣ ንግግሩ ይንተባተባል፣ የተጠየቀውን ትቶ ሌላ ይመልሳል።

ላቡን ከሙቀት ላብ መለየት ይቻላል? ሁልጊዜ አይቻልም። ግን የሚረዳ ነገር አለ። የሙቀት ላብ ያለበት ሰው ጥላ ገብቶ፣ ማራገቢያ ተከፍቶለት ሲቀመጥ ይቀልለዋል። የስኳር ላብ ጥላ ውስጥም አይተውም፤ ቆዳውን ስትነኩት ብዙ ጊዜ ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ መንቀጥቀጡና ረሃቡ አብረው ይመጣሉ። ሌሊት ከሆነ አንሶላው ርሶ፣ ሲቃዥ አድሮ፣ ጠዋት ራሱን ሊያመው ይችላል።

እዚህ አገር ደግሞ ሌላ መሸፈኛ አለ፤ ጫት። ሰፈራችን ያሉ አንድ ጋሼ ስኳር አለባቸው። ጠንቃቃ ሰው ናቸው። ጠዋት ግሊበንክላማይድ የሚባለውን ኪኒናቸውን ወስደው በርጫ ተቀመጡ። ጫቱ የምግብ ፍላጎታቸውን ዘጋው፤ ምሳ ሳይበሉ ዋሉ። ሌሎቹ ጣፋጭ ሻይና ለስላሳ ሲጠጡ እሳቸው ስኳር አለብኝ ብለው ውሃ ብቻ ይጠጣሉ። ወደ 11 ሰዓት ገደማ ሻይ የሚያቀርበውን ልጅ ያለ ነገሩ ሰደቡት። ሸሚዛቸው ጀርባው ላይ ተጣብቋል። የሚያወሩት አይያያዝም። "መርቅነዋል አቦ!" ብሎ ቤቱ ሳቀ። ሚስቱ ስኳር ያለባት አንድ ሰው ብቻ ነበር ብድግ ብሎ ውሃ ውስጥ አራት ማንኪያ ስኳር በጥብጦ ያጠጣቸው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ "ምን ሆኜ ነው?" ብለው ጠየቁ።

ልብ በሉ፤ ጋሼ ያጠፉት ነገር ጣፋጭ መብላት አይደለም። ኪኒኑን ወስደዋል፣ ከጣፋጭ ተቆጥበዋል። ምግብ ግን ዘለሉ። መርፌ ወይም ይህን የመሰለ ኪኒን የሚወስድ ሰው ምግብ ሲዘል መድኃኒቱ ሥራውን አያቆምም። ሜትፎርሚን ብቻውን ሲወሰድ ግን ስኳርን ከልክ በታች የሚያወርደው ከስንት አንዴ ነው። ስለዚህ የምታስታምሙት ሰው የሚወስደው የትኛውን እንደሆነ በስሙ እወቁ። ጫት የደም ግፊትንና የልብ ምትንም ይጨምራል፣ እንቅልፍም ይነሳል። ቢቀር ደስ ይለኛል። ካልቀረ ግን ምሳ ተበልቶ ይሁን፣ አብረው የሚቀመጡትም ይወቁ።

ሲወርድ የሚደረገው ይህ ነው። ሰውዬው ነቅቶ መዋጥ የሚችል ከሆነ 15 ግራም የሚሆን ቶሎ የሚሠራ ስኳር ይሰጠዋል። ይህም በውሃ የተበጠበጠ ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ ነው። ስኳር የሌለው የሚባለው ለስላሳ አይሆንም። ሐላዋና ቸኮሌትም ለዚህ ሰዓት አይሆኑም፤ ቅባታቸው ስኳሩን ያዘገየዋል። 15 ደቂቃ ጠብቃችሁ እንደገና ለኩ። አሁንም ከ70 በታች ከሆነ ድገሙ። ከተስተካከለ በኋላ ዳቦ ወይም የደረሰ ምግብ ይብላ፤ አለበለዚያ ተመልሶ ይወርዳል። ግሊበንክላማይድ የሚወስድ ሰው ደግሞ ቢሻለውም ሐኪም ቤት ይሂድ። መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ ለረጅም ሰዓት ስለሚቆይ ከሰዓታት በኋላ እንደገና ሊጥለው ይችላል።

ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አትስጡ። ስኳር ከንፈሩ ላይ መበተን፣ ውሃ ማንቆርቆር ወደ ሳንባ ይገባና ሌላ አደጋ ያመጣል። በጎኑ አስተኙትና ሐኪም ቤት ውሰዱት። እዚያ ግሉኮስ በደም ሥር ይሰጠዋል።

መለኪያ ከሌለስ? ወይም ደም የሚጠባበት የመለኪያው ወረቀት፣ ስትሪፕ፣ ካለቀ? ወርዶ ይሁን ወጥቶ ካላወቃችሁ፣ ሰውዬው መዋጥ ከቻለ ስኳር ስጡት። ወጥቶ ከነበረ ያ ማንኪያ ስኳር ብዙ አይጨምርበትም። ወርዶ ከነበረ ግን ያድነዋል።

ብዙ ዓመት የታመመና ስኳሩ ደጋግሞ የወረደበት ሰው መንቀጥቀጡና ላቡ ሊጠፋበት ይችላል። ምልክት ሳይሰማው በቀጥታ ይደናገራል። እንዲህ ያለ ሰው ካላችሁ ለሐኪሙ ንገሩ፤ መጠኑ መታየት አለበት።

ሲወጣስ?

ሽንት ማብዛት፣ ጥም፣ የዓይን ብዥታ፣ ድካም። ድሬ ላይ ጥሙን አትመኑት፤ ሽንቱን እመኑ። በሙቀት ብዙ ላብ የሚያወጣ ሰው ሽንቱ ይቀንሳል፣ ይጠቁራል። ውሃ እየጠጣ፣ እያላበውም፣ ሌሊት አራት አምስቴ ለሽንት የሚነሳ ሰው ግን ስኳሩ መለካት አለበት።

ከፍታው የቀናት አደጋ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። በተለይ ዓይነት አንድ ያለበት ልጅ ትኩሳት ወይም ተቅማጥ ሲይዘው "አልበላም፣ ስለዚህ መርፌውን አልወጋው" ይባላል። ይህ ትልቅ ስህተት ነው። ሲታመም ሰውነት የራሱን ስኳር ስለሚለቅ ሳይበላም ስኳሩ ይወጣል። መጠኑ ሊስተካከል ይችላል፣ ሙሉ በሙሉ ማቆም ግን የለም። ማስታወክ፣ የሆድ ሕመም፣ ጥልቅና ፈጣን ትንፋሽ፣ የበሰለ ፍሬ የመሰለ የአፍ ሽታ ካያችሁ ሌሊትም ቢሆን አትጠብቁ። ድሬ ላይ ድል ጮራ፣ ሐረር ላይ ሕይወት ፋና ሆስፒታሎች አሉ።

ኢንሱሊንና ሙቀት

ኢንሱሊን እንደ ወተት ነው፤ ሙቀት ያበላሸዋል። ልዩነቱ ወተት ሲበላሽ ይሸታል፤ ኢንሱሊን አይሸትም። በትክክል የወጋ ሰው ስኳሩ እየወጣ ሲያስቸግር ቤተሰብ "ደብቃ በልታ ነው" ብሎ ይፈርዳል። ብልቃጡ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው ሰንብቶ ሊሆን ይችላል።

ያልተከፈተ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ ይቀመጣል፤ ይህም የፍሪጅ መካከለኛ መደርደሪያ ማለት ነው። በረዶ ቤቱ ውስጥ ወይም የኋላ ግድግዳውን አስነክቶ ማስቀመጥ አይገባም። አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም ይጣላል። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን አትክፈቱት፤ ካልተከፈተ ለአራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። የተከፈተ ብልቃጥ ከ30 ዲግሪ በታች ከዋለ አብዛኛውን ጊዜ 28 ቀን ያገለግላል። በድሬ የሙቀት ወራት ግን ቤት ውስጥ እንኳን ከ30 በታች ማግኘት ይከብዳል።

ፍሪጅ ለሌለው የሸክላ ማሰሮ አለ። እናቴ ፍሪጁ ከተበላሸ ወዲህ በዚህ ነው የምታስቀምጠው። ትልቅ ማሰሮ ውስጥ ትንሽ ማሰሮ ገብቷል። በሁለቱ መካከል ከደቻቱ ወንዝ የመጣ አሸዋ ተሞልቷል። ጠዋትና ማታ አሸዋው ላይ ውሃ ይጨመራል። ብልቃጡ ውሃ እንዳያገኘው በፌስታል ተጠቅልሎ ትንሹ ማሰሮ ውስጥ ይገባል፤ ከላይ እርጥብ ጨርቅ ይሸፈናል። ውሃው በሸክላው ላይ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይወጣል። የድሬ አየር ደረቅ በሆነበት ወቅት በደንብ ይሠራል፤ ዝናብ ሲመጣና አየሩ ሲረጥብ ይዳከማል። ማሰሮው ጥላና ነፋስ የሚያገኝበት ቦታ መሆን አለበት። እናቴ መተላለፊያው ላይ ነው ያደረገችው፤ ልጆች እየመቱት ብንቸገርም ከዚያ የተሻለ ነፋስ የለም።

ድንበር የለሽ ሐኪሞች ከጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው ኬንያ ዳዳብ ካምፕ ውስጥ ያለውን ሙቀት መሠረት አድርገው ያደረጉት ጥናት በ2021 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ቀንና ሌሊት ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚዋዥቅ ሙቀት አራት ሳምንት የቆየ ኢንሱሊን ኃይሉን አላጣም። ይህ ለእኛ ትልቅ እፎይታ ነው። ግን ፀሐይ ላይ የቆመ ባጃጅ ውስጥ የተረሳ ብልቃጥን አይመለከትም፤ እዚያ ያለው ሙቀት ከ37 በጣም ያልፋል።

ዓይናችሁንም ተጠቀሙ። ሬጉላር የሚባለው ኢንሱሊን እንደ ውሃ ንጹሕ መሆን አለበት፤ ከደፈረሰ አይወጋም። ኤንፒኤች የሚባለው ኢንሱሊን በተፈጥሮው ነጭ ነው፤ በሁለት መዳፍ መካከል ቀስ ብሎ ሲንከባለል እኩል ነጭ ይሆናል። የጓጎለ ነገር ከቀረበት ወይም ጠርሙሱ ላይ እንደ ውርጭ ከተለጠፈ ይጣል። የተከፈተበትን ቀን ፕላስተር ላይ ጽፋችሁ ብልቃጡ ላይ ለጥፉ። ብልቃጡ ላይ 100 (በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት) ከተጻፈ ሲሪንጁም ላይ 100 የሚል ይኑረው። 40 በሚል ሲሪንጅ የ100 ኢንሱሊን በመሥመሩ ቁጥር ከተቀዳ ሰውዬው የሚወጋው ከታዘዘለት ሁለት ተኩል እጥፍ ነው።

ሙቀት ሌላም ሥራ አለው። ሰውነት ሲሞቅ ቆዳ ሥር ያለው የደም ዝውውር ስለሚጨምር የተወጋው ኢንሱሊን በፍጥነት ይሰራጫል። ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ነው፤ ድሬ ከሱ በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ይላል። በደንገጎ ቁልቁል ወርዶ ዘመድ ሊጠይቅ ድሬ የመጣ ሰው የለመደውን መጠን ወግቶ በሙቀቱ ውስጥ ሲዞር ቢወርድበት አይገርምም። እንግዳ ሲመጣላችሁ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደጋግሞ ይለካ።

ጥቂት ስትሪፕ ሲኖር

ስትሪፕ ውድ ነው፤ አንዳንዴም ይጠፋል። ስለዚህ በዘልማድ ሳይሆን መልስ በሚሰጥ ሰዓት ላይ እናውለው። የጠዋት ባዶ ሆድ በሳምንት ጥቂት ቀን፤ ለብዙ አዋቂ ከ80 እስከ 130 ጥሩ ነው፤ ለአረጋውያን ሐኪሙ ልቅ ያደርገዋል። መርፌ የሚወጋ ሰው ከመተኛቱ በፊት። ጠባዩ ሲለወጥ፣ ሲታመም፣ ከልማዱ ውጭ ሲደክም። ስትሪፑን ከራሱ ቆርቆሮ አታውጡት፣ ክዳኑን ክፍት አትተዉ፤ ሙቀትና እርጥበት ያበላሸዋል፣ የተበላሸ ስትሪፕም የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል። የሦስት ወሩ ምርመራ ሲታዘዝ ደግሞ አትዝለሉት። ቀይ የደም ሕዋስ ወደ 120 ቀን ስለሚኖር፣ እሱ ላይ የተጣበቀው ስኳር ያለፉትን ወራት አማካይ ይናገራል።

ስለ ምግብ አንድ ነገር ብቻ፦ ጤፍ ስለሆነ እንጀራ ስኳር አይጨምርም የሚባለው ልክ አይደለም። ማርና ተምርም ስኳር ናቸው። መጠን ነው ነገሩ። ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ ግን ለበዓል ተዉት።

ጾምና ቁልቢ

ረመዳን ለሚጾም ከወሩ በፊት ሐኪም ማየት ያስፈልጋል፤ የመርፌውና የኪኒኑ ሰዓት ይቀየራል። ቀን ላይ ከ70 ከወረደ ወይም ከ300 ካለፈ ጾሙ መፈታት አለበት። ለሕመምተኛ እፎይታ የሰጠው ራሱ ሃይማኖቱ ነው። ኦርቶዶክሱም እንዲሁ ለንስሐ አባቱ ይንገር፤ ኢንሱሊን ወግቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መዋል በራስ ላይ አደጋ መጥራት ነው።

ታኅሣሥ 19 ለገብርኤል ወደ ቁልቢ በእግር የሚሄዱ አሉ። ስኳር ያለበት ሰው ከሄደ ሁለት ነገር ያስብ። ረጅም እግር ጉዞ ስኳርን በመንገድ ላይ ብቻ ሳይሆን በሚቀጥለው ሌሊትም ያወርዳል። ኪሱ ውስጥ ስኳር ይኑር፣ ማታም በልቶ ይተኛ። ሁለተኛው እግሩ ነው። ስኳር የእግርን ነርቭ ሲያደነዝዝ ጠጠር ይወጋዋል፣ አስፋልት ያቃጥለዋል፣ አይሰማውም። በባዶ እግር ስለት ያለበት ሰው ስለቱን በሌላ እንዲለውጡለት ንስሐ አባቱን ይለምን። ቤት ውስጥም ቢሆን ጫማ አይለይ። ማታ ማታ የእግሩን ጣት መካከል፣ ተረከዙንና ውስጡን እዩለት። ቁስል ካለ ቅጠል ወይም ሙቅ ውሃ አትሞክሩ፤ በቶሎ ሐኪም ይየው።

ስለ አስታማሚው

ያስተዋልኩት አንድ ነገር አለ። "ስንት ሆነ?" የሚለው ጥያቄ የችሎት ጥያቄ ሲሆን እናቶቻችን ቁጥር መደበቅ ይጀምራሉ። 240 ሲሆን "ምን በላሽ?" ብሎ መጮህ ቀላል ነው። ግን ብልቃጡም ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል፣ አንድ ቦታ ደጋግሞ በመውጋት ቆዳዋ ጠንክሮ ኢንሱሊኑን አላሳልፍ ብሎም ይሆናል፣ ጉንፋንም ይዟት ይሆናል። መጀመሪያ እነዚህን ፈትሹ። እሷን የምትጠይቁት ከዚያ በኋላ፣ በዝግታ ነው።

ሸክሙ አብዛኛውን ጊዜ አንዲት ሴት ልጅ ላይ ይወድቃል። ወንድሞች ገንዘብ ይልካሉ፣ እሷ ሌሊት ትነሳለች። ገንዘቡ ያስፈልጋል፤ እንቅልፍ ግን በገንዘብ አይተካም። ቢያንስ በወር የተወሰኑ ሌሊቶች ሌላ ሰው ይረከባት። ለመረከብ ደግሞ ነገሩ መጻፍ አለበት። የመድኃኒቶቹ ስም፣ መጠንና ሰዓት፣ የቀጠሮ ቀን፣ ስኳሩ ቤት ውስጥ የት እንደተቀመጠ፣ የሐኪም ቤት ካርዱ የት እንዳለ። ያገለገለ መርፌ የሚጠራቀምበት ክዳን ያለው ጠንካራ ፕላስቲክም ይጠቀስ፤ ሲሞላ ለጤና ተቋም ይሰጣል እንጂ ቆሻሻ ውስጥ አይጣልም፣ የሚለቃቅሙት ልጆች ናቸውና።

ጎረቤትም አይቅር። እኛ ቤት በአንዱ በኩል አፋን ኦሮሞ፣ በሌላው በኩል ሶማሊኛ የሚናገሩ ቤተሰቦች ናቸው። ለሁለቱም በየቋንቋቸው ነግረናል፤ ልጆቻቸውም ያውቁታል። ካላባትና ግራ ከገባት ስኳር በውሃ ስጧት፣ ሩብ ሰዓት ጠብቁ፣ ካልተሻላት ድገሙ። ራሷን ከሳተች በአፏ ምንም የለም፤ በጎኗ አስተኙአት፣ ባጃጅ ጥሩ፣ ወደ ድል ጮራ። እኛን ከዚያ በኋላ ደውሉልን።